ሶፋ ላይ የተቀመጠ ጥይት

ለቅርብም ለሩቅም፣ ለወዳጅም ለባዳም ይታወቅ ዘንድ፦ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጥይቱ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ።

ክሩንም አሰረ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሁሉም ደግ ነበር። ዳሩ ግን ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ማለቱ አይቀርም፤ ጥይቱም ቀና ልበል ቢል ወገቡ አልተባበር አለው። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል፣ አንድ እጁ ጫማው ላይ፣ አንድ እጁ ወለሉ ላይ፣ ፊሽካ እንደሚጠብቅ ሯጭ ሆኖ ቀረ። ሚስቱ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ገባች። አየችው። በላዩ ተንጠራርታ መሳቢያውን ከፈተች፣ ካልሲዎቹን ደረደረች፣ መሳቢያውን ዘጋች።

"ስትጨርስ ሻይ ፈልቷል" አለችውና ወጣች።

ጥይቱ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። እነሱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ አለ፤ እዚያው በሰላም ይኑር። በሙያው ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሙ የነቀለውን የሚተካው እሱ ነው። "ጥይቱ" ያሉት የሞተር ጓደኞቹ ናቸው፤ የእሽቅድምድም ሞተር መንዳት ከጀመረ ጀምሮ ማንንም ከፊቱ አስቀድሞ አያውቅምና። የእሽቅድምድም ሞተር ላይ፣ ለማያውቅ ሰው ለመንገር ያህል፣ አይቀመጡም፤ ይደፉበታል። ደረት ታንኩ ላይ ይለጠፋል፣ እጅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉልበት ብብት ድረስ ይታጠፋል፣ እግር ወደ ኋላ ይሄዳል። ያ ሁሉ ሆኖ ሞተሯ ስትጮህ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ትንኝ የተቆለፈባት ትመስላለች። ደስታው ግን አይነገርም። ቢነገርም የሚሰማ የለም፤ ጆሮው ደንቁሯል።

እሑድ እሑድ ጠዋት ሦስት ሆነው ይወጡ ነበር። ከፊት ጥይቱ። ከኋላው ሒሳብ፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር፣ ኩርባ ሲገባ ማዕዘኑን አስልቶ የሚገባ፣ ሲወጣ ግን ሁልጊዜ በመውጣቱ የሚገረም። መጨረሻ ላይ ሊፍት፤ የሕንፃ አሳንሰር ጠጋኝ፣ ገመድ ሳይዝ ከቤቱ የማይወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥሎ ስለሚውል መሬት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ቀልድ የሚመስለው። ኮረብታው አናት ላይ ካለችው ሻይ ቤት ደርሰው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ተዋሽተው ይመለሳሉ። ሕጋቸው አንድ ነው። ስለ ጎማ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ፍሬን እንደ ልብ ይወራል። ስለ ሰውነት አይወራም።

ቀድሞ አራት ነበሩ። አራተኛው፣ በዕድሜ የሚበልጣቸው አናጺ፣ አንድ ቀን የእሽቅድምድም ሞተሩን ሸጦ ክሩዘር ገዛ። ክሩዘር ማለት መሪዋ እንደ በሬ ቀንድ ወጣ ያለ፣ መቀመጫዋ እንደ ሳሎን ወንበር ዝቅም ሰፋም ያለ፣ እግርን ወደፊት ዘርግተው እንደ ጡረተኛ የሚነዷት ከባድ ሞተር ናት። ጓደኞቹ ወሬውን የሰሙ ዕለት ሻይ ቤቷ ውስጥ ብድግ ብለው፣ ሄልሜታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በዝምታ አሰቡት። ከዚያ ወዲህ ስሙ "ሟቹ" ነው። "ሟቹ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይቺን ኩርባ ይወዳት ነበር" ይላል ሒሳብ ሻዩን እያማሰለ። ሟቹ በሕይወት አለ። ቤቱ ከሒሳብ ቤት ሁለት መንገድ ቢያልፍ ነው። ሲያገኙት ሰላም ይሉታል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው።

እንግዲህ የጥይቱን ጭንቀት ይህን ያወቀ ያውቀዋል። ወገብ ቢታመም ይታሻል። በቁም የተቀበረ ሰው ግን ማን ያወጣዋል?

ወገቡንስ ችሎት ነበር። ያልቻለው የእጁን አንጓ ነው። ሰኞ ዕለት፣ ጀሶ ባለበሳት የሥራ ክፍሉ፣ ትንሿ የአልኮል መብራት ላይ ሰም እያለሰለሰ ለአንዲት አሮጊት የላይ ጥርስ ሲደረድር ጣቶቹ ደነዘዙ። የፊት ጥርሷ ከእጁ ወደቀች። ፈልጎ አነሣት፤ ደግማ ወደቀች። ግራ እጁን ቢሞክር እሱም ከወንድሙ ጋር አድሟል። መደርደሪያው ላይ የተሰለፉት የጀሶ መንጋጋዎች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። አሮጊቷ ለልክ መጥተው ጥርሱን አፋቸው ውስጥ አድርገው መስታወት ሲያዩ፣ አንደኛው ዞሮ ተተክሏል።

"ልጄ፣ ይሄኛው ወዴት ነው የሚያየው?" አሉት።

እራት ላይ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ፋርማሲስት ናት፤ ባንኮኒዋ ላይ የሰማችውን እዚያው ባንኮኒው ሥር የምትቀብር። አንጓውን አገላብጣ አየችና፣ ስለ አንጓው ምንም ሳትል፣ ከቦርሳዋ የወገብ መደገፊያ ቀበቶ አወጣች። የሥጋ ቀለም ያለው፣ ዳር ዳሩን በአረንጓዴ ክር የተሰፋ፣ ሰፊ ላስቲክ። ቅዳሜ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አስባበት ኖሯል።

"እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ማን ይታጠቀዋል?" አለ ጥይቱ።

"ሰሞኑን በደንብ ይሄዳል። ለእናቶች" አለችው ሚስቱ።

ታጠቀው። እንደ እናት ቀጥ አደረገው።

ሟቹ ክሩዘሯን ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ቀድሞም ደርሶት ነበር። በሳምንቱ አጋማሽ፣ ሰው ሁሉ የየሳህኑን በሚያይበት በምሳ ሰዓት፣ ጥይቱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ከአናጺው በር ደረሰ። ሟቹ የእንጨት ፍቅፋቂ ፀጉሩ ላይ እንደ ተበተነ በሩን ከፈተ። ምን ፈልገህ ነው አላለም። የጥይቱን አንጓ ያዘ፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው፣ ፊቱን አየው።

"ና ግባ" አለው። "ሞት እንደሚያወሩት አይደለም።"

ለምን እንደሚሸጣት ቢጠየቅ፣ ሟቹ ያለ አንዳች ሀፍረት ወደ ጥጉ አመለከተ። ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ቆማለች። አትወድቅም፣ ጀርባዋ ላይ ጣውላ ይጫናል፣ አንዴ የሞተ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሲሞት አያመውም፤ ይህን ሁሉ እየላገ ነገረው። ከዚያ ክሩዘሯን ገለጠለት። ጥቁር ቀይ ናት። ታንኳ ላይ አንዲት ጭረት አለች፣ መቀመጫዋ ላይ የሟቹ መቀመጫ ቅርጽ ታትሞ ቀርቷል። ጥይቱ በቅርጹ ውስጥ ሲቀመጥ ልክ ሆነ፤ ጉዳዩ ትንሽ ከነከነው።

ሟቹ የአስተማሪ ጣት አወጣ። እግርህን ከኋላ አትፈልገው፣ ከፊት ነው ያለው። ኩርባ ላይ አትተኛባት፣ የእግር ማሳረፊያዋ አስፋልት ይልሳል። "ከሁሉ ከሁሉ" አለ፣ "አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርገህ እንዳታቆማት። ወደ ኋላ የምትሄድበት ማርሽ የላትም፣ ክብደቷም የጥጃ አይደለም።"

ጥይቱ ይህን የመጨረሻውን አልሰማም። ቁልፉን አዙሮ ነበር። ከሥሩ ድው፣ ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ተነሣ፤ አንድ ወፍራም ሰው አንድ ነገር ትዝ ብሎት ለብቻው የሚስቅ ይመስላል።

ዋጋ ተስማምተው ይዟት ሲወጣ የመጀመሪያው ጥፋት የልብስ ነበር። የእሽቅድምድም ነጂ የሚለብሰው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነ ቆዳ ጎንበስ ብሎ ለሚኖር ሰው የተሰፋ ነው፤ ቀና ያለ ሰው አይወድም። ጥይቱ ተደላድሎ ሊቀመጥ ባለ ቁጥር ልብሱ እንደ ተለጠጠ ቀስት ወደ ታንኩ ይመልሰዋል። እጆቹ ሽቅብ መሪው ላይ፣ ደረቱ ታንኩ ላይ፣ እግሮቹ ወደፊት። ከሩቅ ለሚያየው አጥር ሲዘል የተያዘ ሌባ ነው።

የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ፍሪሲዮኑን ለቀቀና እግሮቹን በልማድ ወደ ኋላ ወረወራቸው። ከኋላ ያለው አየር ብቻ ነው። መስቀለኛ መንገዱን እስኪሻገር ድረስ ሁለት እግሩን እያንፈራገጠ አለፈ፣ ዋና እንደሚማር ሰው። ትራፊክ ፖሊሷ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ እንዳደረገች መንፋቱን ረሳችው።

ከቤቶቹ መሃል ወጣ ሲል ዚፑን እስከ እምብርቱ ከፈተው። ያን ጊዜ ቀና አለ። ቀና ሲል፣ ለካ መንገድ ዳርና ዳር አለው። ስንት ዓመት ሲመላለስበት አስፋልቱን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ አሁን ግን ልብስ የምታሰጣ ሴት፣ የሚያዛጋ ውሻ፣ ሥዕል የተሣለበት የጋራዥ በር አየ። ከአንድ ፎቅ በረንዳ ላይ አንዲት እናት በስልክ እያወሩ ሲስቁ የላይ ጥርሳቸውን አወቀው፤ የገዛ እጁ ሥራ ነው፣ ያውም ካማሩለት ውስጥ። ክላክስ አድርጎ ሰላም አላቸው። ግራ ገብቷቸው እጃቸውን አወዛወዙለት።

ዳገቱ ላይ አንድ ብስክሌተኛ ደረሰበት። ጎን ለጎን ሆነ፣ "እንደምን ዋልክ ወንድሜ" አለው፣ አልፎትም ሄደ። ጥይቱ ተቀድሞ አያውቅም። ሊናደድ አሰበ። ንዴቱን በደረቱም በሆዱም ፈለገው፤ የለም።

"እግዜር ይመስገን!" ብሎ ከኋላው ጮኸለት።

ከዚያ በኋላ ሄልሜቱ ውስጥ ሳቁ አልቆም አለው። ሰፈሩ ደርሶ ቤቱን አለፈው። ዞሮ መጥቶ ደግሞ አለፈው። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ሰውዬ ቤቱ ጠፋህ ወይ ስትለው፣ አንዲት ዙር ብቻ ብሎ መለሰላትና ሁለት ዞረ። ሲወርድ አንጓውን አጠፈ ዘረጋው። አሥሩም ጣቶቹ በየቦታቸው ነበሩ።

የድሮዋን ሞተር ለአንድ ጢም ላላበቀለ ወጣት ሸጣት። የቀረው ፍርድ የእሑድ ነው። ከሟቹ ሞተር ላይ ሆኖ ከሒሳብና ከሊፍት ፊት ምን ብሎ ይቀርባል? አስቦ አስቦ ለሚስቱ አንድ ሐሳብ አቀረበላት። ያንቺ ወገብ ታሞ ነው ልበላቸው?

"የኔ ወገብ ደህና ነው፤ ስሙን አታጥፋው" አለችው። "ከፈለግህ ፍቅር ነው በላቸው።"

ፍቅር ጥሩ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ማንም ደፍሮ አይመረምረውም። ችግሩ ምስክር ይፈልጋል፤ ሚስቱ ራሷ ከኋላ ተቀምጣ መታየት አለባት። በድሮዋ ሞተር አንድ ጊዜ ወጥታ ነበር። የዚያችኛዋ የኋላ መቀመጫ የልብስ ሳሙና ታህል ነበር፤ ሄዳ በአውቶቡስ ተመለሰች። ይቺኛዋ ግን መደገፊያ አላት። ቅዳሜ ለሙከራ ሲወጡ ሚስቱ ተደገፈች፣ እግሯን አመቻቸች፣ ትንሽ ቆይታም ከኋላው መዝፈን ጀመረች። ጥይቱ ስታንጎራጉር እንኳ ሰምቷት አያውቅም ነበር። ድምፅዋ ጥሩ አይደለም። ማርሽ ቀንሶ ቀስ አለ፣ እንዳያልቅበት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው፣ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ለሚስቴ ብዬ ነው የገዛኋት የሚለውን እሱም ሊያምነው ምንም አልቀረውም።

እሑድ ሟቹ መርቆ የሰጠውን አጭር የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ከሥሩ ቀበቶውን ታጥቆ ወጣ። ጓደኞቹ ቀድመው ተቀምጠዋል። ሰሞኑን አብሮ መውጣት ቀርቶ፣ እያንዳንዱ በየሰበቡ ለብቻው እየመጣ ሻይ ቤቷ መገናኘት ልማድ ሆኗል፤ መቅደምም በዝቷል። ሁለቱም አንድ ወጡን ልብስ ትተው አጭር ጃኬትና ሱሪ ይለብሳሉ። ሙቀት ነው ይላሉ።

የሻይ ቤቷ ግቢ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ መጨረሻው ላይ የብረት አጥር አለ። ጥይቱ ሰው እያየው መሆኑን ሲያውቅ የድሮው ደሙ ፈላ። ቁልቁል ወረደ፣ አጥሩ ሥር ሽው ብሎ ሄዶ ቀጥ አለ፣ ሞተሯን አጠፋ። በድሮዋ እንዲህ ነበር የሚያቆመው፤ ሲነሣ በአንድ እጁ ወደ ኋላ ይጎትታታል። ይቺኛዋ አፍንጫዋን ወደ አጥሩ ደፍታ እንደ ተራራ ተቀመጠች። የሟቹ የመጨረሻ ምክር ያን ጊዜ በጆሮው መጣ፣ ጥርት ብሎ።

"ሟቹ ተነሣ እንዴ?" አለ ሊፍት ከሩቅ።

"አይ፣ ወራሹ ነው" አለ ሒሳብ።

ጥይቱ ሄልሜቱን አወለቀና ጉሮሮውን ጠረገ። "ለሷ ብዬ ነው።"

ሁለቱም ወደ ሚስቱ ዞሩ። ሚስቱ የመድኃኒት አወሳሰድ የምታስረዳ ይመስል፣ "ይወደኛል" አለች።

ሞተሯን ግን፣ "ሶፋዋ" ብለው፣ አልማሯትም። ሒሳብ ቴሌቪዥኑ የት ጋ እንደሚገጠም ጠየቀ። ሊፍት ትራሷን ማን እንደሚያጥብ ጠየቀ። ፍቅርማ ይከበራል፣ አሉ፤ እነሱ ግን ጉልበታቸው እየታጠፈ፣ ወገባቸው ቀጥ እንዳለ፣ ከዚህች ላይ ከሚቀመጡ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ቢጋደሙ ይሻላቸዋል። ጥይቱ አብሮ ሳቀ። ያለ ችግር አለፈ ማለት ነው። አሁን የሚቀረው እነሱ ቀድመው እንዲሄዱና ሞተሯን ሲጎትት እንዳያዩት ብቻ ነው።

ሁለተኛ ሻይ ታዘዘ።

"እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ከሷ ጋር ትንሽ ልቀመጥ" አለ ጥይቱ።

"ምን አስቸኮለን" አለ ሒሳብ።

"ኧረ እናንተ ቅደሙ፤ እኔ አየሩን ልውሰድ" አለ ሊፍት።

ሦስተኛ ሻይ መጣ። ስለ ጎማ አወሩ። ስለ ዘይት አወሩ። ስለ ፍሬን አውርተው ሲጨርሱ ወደ ጎማ ተመለሱ። ፀሐይዋ ዞራ ፊታቸው ላይ መጣች፤ ወንበሩን ያዘዋወረ የለም። ያን ሁሉ ሻይ ጠጥቶ ማንም ወደ መጸዳጃ ቤት አልተነሣም፤ ሊፍት ብቻ እግሩን ከአንዱ ወደ ሌላው እያነባበረ ፊቱን ወደ ተራሮቹ አዞረ። ጥይቱ ገረመው። እሱ የሚቀመጥበት ምክንያት አለው፤ እነዚህን ምን ቸነከራቸው? የሻይ ቤቷ ባለቤት ዙሪያቸውን ጠርጋ ጨረሰች፣ የሌላውን ጠረጴዛ ወንበሮች ገለበጠች። የጥይቱ ሚስት ብርቱካን ልጣ እየበላች አንድ በአንድ ታያቸዋለች።

በመጨረሻ እጇን ጠረገችና ተነሣች። "ከሰዓት ተረኛ ነኝ። አውጣት እንሂድ።"

ጥይቱ ሄደ። ተቀምጦ በእግሩ ወደ ኋላ ገፋ። ሞተሯ ወደ ፊት፣ ወደ አጥሩ፣ ጣት ታህል ቀረበች። መሬቱን እየቃኘ መሆኑን ለጓደኞቹ ነገራቸው። ዳግመኛ ገፋ። ሚስቱ ትከሻውን ነካ አድርጋ ከሞተሯ ላይ አስወረደችው፣ እሷ መሪው ላይ ተቀመጠች፣ ወደ ሻይ ቤቷ ዞራም፣ "ገመድ ያለው ሰው የለም?" አለች።

ሊፍት ገመድ የለኝም ማለት አይችልም፤ ክብሩ ነው። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ተደግፎ ተነሣ፤ መነሣቱ በየፎቁ እየቆመ ነበር። ሒሳብም ከወዲያ በኩል ያንኑ አደረገ። ገመዱ ከኋላዋ ብረት ላይ ታሰረ። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዙረው፣ ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ወጉ ተሰለፉ፤ ከፊት ጥይቱ፣ ከኋላው ሒሳብ፣ መጨረሻ ላይ ሊፍት። ሚስቱ እንደ ንግሥት ተቀምጣ መሪውን ያዘች።

"ሳብ!" አለ ሊፍት፣ እንደ ሥራ ቦታው።

ጎንበስ ብለው ሳቡ። ሞተሯ ተነቃነቀች፣ መጣች፣ አጥሩን ለቀቀች። ግማሽ ዳገት ላይ ግን ገመዱ ከኋላ ላላ። ጥይቱ ብቻውን ሲጎትት ትንሽ ቆየና ምን ነካችሁ ሊል አንገቱን መለሰ። ሒሳብ ጎንበስ እንዳለ የጥይቱን ወገብ ያያል። ሊፍት ጎንበስ እንዳለ የሒሳብን ወገብ ያያል። የሁሉም ጃኬት ሽቅብ ሸሽቷል፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሒሳብና ሊፍት በአንድ ጊዜ፣ ቀስ ብለው፣ እጃቸውን ወደየጀርባቸው ልከው ጃኬታቸውን ወደ ታች ጎተቱ። ግን በሦስቱም ወገብ ላይ የቀበቶው የሥጋ ቀለም ታይቷል፣ አረንጓዴው ክርም ታይቷል።

ሚስቱ ፍሬኑን እንደያዘች፣ በባንኮኒ ድምፅዋ፣ "ለእናቶቻችሁ ልክ ሆነላቸው?" አለች።

ገመዱ መሬት ወደቀ። ሚስቱ ሞተሯን ወደ ጎን አዙራ፣ በማቆሚያ ብረቷ አቁማት፣ ወረደች። ሒሳብ ወደ ባዶው መቀመጫ ሄደ። ምንም ሳያሰላ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፣ እግሮቹን ወደፊት ዘረጋ፣ እጆቹን ከፍ ካለው መሪ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያም ከጫማው ጀምሮ የመጣ የሚመስል ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

"ከሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ" አለ ሊፍት፣ ቆሞ።

ጥይቱም፣ ማንንም ከፊቱ አስቀድሞ የማያውቀው፣ ሄዶ ከሊፍት ኋላ ተራውን ያዘ።